እናቴ አዲስ የግፊት ክኒን ታዘዘላት፤ የድሮውን ታቁም ወይስ አብራ ትውሰድ?

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ እናቴ ምክር ፈልጌ ነው። 64 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ትኖራለች። ለብዙ ዓመታት ለደም ግፊቷ አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም ስትወስድ ቆይታለች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ እያበጠ ስላስቸገራትና ግፊቷም አልወርድ ስላለ ባለፈው ወር ሐኪም አዲስ መድኃኒት አዘዘላት። ማሸጊያው «አምሎዲፒን/ቫልሳርታን 5/160» ይላል። ማዘዣው ላይ የተጻፈው «በቀን 1» ብቻ ነው። የድሮው ይቁም ወይም ይቀጥል የሚል ነገር የለውም፤ በቃል የነገራት ሰው ይኑር አይኑር እሷም አታስታውስም።

አዲሱን ከጀመረች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ያዞራታል። ትናንት ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዛ ቆማ እንዳገኛት ወንድሜ ነገረኝ። ጎረቤቶች «ሰውነትሽ እስኪለምደው ነው» ይሏታል፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። አዲሱ የድሮውን ይተካል ወይስ ይደረብበታል? ደግሞስ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ በባዶ ሆድ ቢወሰድ ይጎዳል?

ፋርማሲስቱ ከሐዋሳ

ሰናይት እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወንድምሽ አንድ ነገር ያድርግ። እናትሽ መድኃኒት የሚያስቀምጡበትን ፌስታል ወይም ሣጥን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፈው። የግፊቱን ብቻ ሳይሆን የጉልበቱን፣ የጨጓራውን፣ የጉንፋኑን፣ ሁሉንም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ስሙንና ቁጥሩን ጽፎ ይላክልሽ። በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ያለውን ነው የምፈልገው።

ምክንያቱ ይህ ነው። 5/160 ማለት በአንዷ ፍሬ ውስጥ 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን እና 160 ሚሊ ግራም ቫልሳርታን አሉ ማለት ነው። ከነገርሽን እንደምረዳው ሐኪሙ አምሎዲፒኑን ከ10 ወደ 5 ዝቅ አድርጎ ቫልሳርታን ሊጨምርበት አስቧል። የእግር ዕብጠት ከአምሎዲፒን መጠን ጋር እየጨመረ የሚሄድ ነገር ነው፤ ቫልሳርታን አብሮት ሲሰጥ ግን ይቀንሳል። አሳቡ ትክክል ነው። ሆኖም እናትሽ የድሮውን 10 አሁንም እየዋጡ ከሆነ በቀን 15 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን እየወሰዱ ነው ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው የመጨረሻው መጠን በቀን 10 ነው።

የግፊት መለኪያ በቤት ካለ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ካረፉ በኋላ ይለካላቸው። ከዚያ አስነሥቶ አንድ ደቂቃ ሲሞላ፣ እንደገናም ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ይለካ። ሲቆሙ እንዳይወድቁ አጠገባቸው ይሁን። የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ማዞሩ ከዚያ የመጣ ነው። «እስኪለምደው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አመሰግናለሁ። ወንድሜ ዘርግፎ የጻፈልኝ ይኸው፦ አምሎዲፒን 10፣ አዲሱ 5/160፣ ኢናላፕሪል 10፣ ዳይክሎፌናክ 50፣ ኦሜፕራዞል። አምሎዲፒኑን ጠዋት፣ አዲሱን ማታ እየወሰደች ነው። ኢናላፕሪሉ ከዓመታት በፊት የታዘዘላት ነበር፤ ደረቅ ሳል ስላስያዛት ተቀይሮላት ነበር። ሆኖም አልጣለችውም። ራሷን ሲያማት «ግፊቴ ጨመረ» ብላ አንድ ትውጣለች፤ ያለፈውን ሳምንት በየቀኑ ማለት ይቻላል ወስዳዋለች። ዳይክሎፌናኩን ለጉልበቷ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ነው የገዛችው።

ግፊቷ ቁጭ ብላ 104/62፣ ቆማ 84/56።

ፋርማሲስቱ ከሐዋሳ

ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ፌስታሉን እንዳለ ይዘው ይሂዱ፤ በቃል ማስረዳት አይበቃም። ሐኪሙ እስኪያያቸው ድረስ የማታውን አይውሰዱ፤ ኢናላፕሪሉንና ዳይክሎፌናኩንም አይንኩ። ወንድምሽ አብሯቸው ይሂድ፤ በመንገድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ሽንታቸው ከወትሮው ከቀነሰ፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ወይም ከንፈራቸውና ምላሳቸው ካበጠ ነገሩ የድንገተኛ ክፍል ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳ። ቫልሳርታንና ኢናላፕሪል በስም አይገናኙም፤ ሥራቸው ግን በአንድ መስመር ላይ ነው። ሁለቱም የደም ሥርን የሚያጠብበውንና ጨው በሰውነት እንዲቀር የሚያደርገውን ሆርሞን ነው የሚከላከሉት፤ አንዱ እንዳይመረት፣ ሌላው ከተመረተ በኋላ እንዳይሠራ። አንዱ ከበቃ ሁለተኛው ኩላሊትን ከመጫንና በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በ2008 ኦንታርጌት የተባለው ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የሁለቱን ዓይነት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሰጥቶ ሲያይ የልብ ሕመምንም ሆነ ሞትን አልቀነሰም፤ የግፊት መውደቅና የኩላሊት ችግር ግን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አብሮ ማዘዝ በመመሪያዎች አይደገፍም።

ኢናላፕሪል አንዳንድ ጊዜ የፊትና የምላስ ዕብጠት ያመጣል፤ ይህ ደግሞ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌላው ይበልጥ ይታያል። ሳል ያስያዘው ሰው ተመልሶ ሊዳፈረው አይገባም።

ዳይክሎፌናኩን ደግሞ ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ግፊት ይጨምራሉ፣ የግፊት መድኃኒትን ጉልበት ይቀንሳሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያሳንሳሉ። ከቫልሳርታን ጋር ሲገናኙ ኩላሊት በሁለት በኩል ይመታል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሦስተኛ ሆኖ ቢጨመር ደግሞ የከፋ ይሆናል፤ በሥራ ቦታዬ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል በልኩ፣ ወይም የሚቀባ ነገር ሐኪሙን ይጠይቁ።

ክሪያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም ይለካልን በሉ። ሐኪሙ ሳይጠይቅ እንኳ እናንተ ጠይቁ።

ሲስተር ትዕግሥት (ባሕር ዳር)

ፋርማሲስቱ ወንድሜ የተናገረውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ በምሠራበት የክትትል ክፍል ይህን በየሳምንቱ ነው የማየው። ሰው አዲስ መድኃኒት ሲሰጠው አሮጌውን አይጥልም፤ በገንዘብ የተገዛ ነገር ነውና ያሳዝናል። እናቶች ደግሞ «ለክፉ ቀን» ይላሉ። በኋላ ሁለቱም በአንድ ፌስታል ተደባልቀው ይቀራሉ። ለታካሚዎቼ የምነግራቸው፦ የተቀየረውን መድኃኒት በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችሁልኝ ኑ፣ እዚሁ እናስወግደዋለን። ለጎረቤትም አትስጡ።

የራስ ምታቱ ነገር ግን በጣም አስጨነቀኝ። የደም ግፊት በአብዛኛው ምንም ምልክት የለውም፤ ራስ ምታትም በአብዛኛው ከግፊት አይደለም። ራሴን አመመኝ ብሎ ተጨማሪ ክኒን መዋጥ አደገኛ ልማድ ነው። አንዳንዱም በተቃራኒው «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ ይተዋል። ማዘዣው የሚከበረው በስሜት ሳይሆን በመለኪያ ነው።

መለኪያውም በትክክል ይያዝ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ከእጅ አንጓው የተሻለ ነው። በልብስ ላይ አይታሰር። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንዱ በልብ ቁመት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ሦስተኛው እስኪጠጣ ጠብቆ ወዲያው መለካት የተሳሳተ ቁጥር ያመጣል። እየለኩ ማውራት የለም። ሽንት ይዞ መለካትም የለም። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፍ። በቤት የሚለካ ግፊት 135/85 እና ከዚያ በላይ እየሆነ ከተደጋገመ ከፍተኛ ነው፤ የ140/90 ልክ በጤና ተቋም ለሚለካው ነው።

ጋሻው (አዲስ አበባ)

እኔም ሰሞኑን እንዲህ ያለ ሁለቱን በአንድ የያዘ ክኒን ነው የታዘዘልኝ። ገና መጀመሬ ነው፤ ግፊቴ 162/98 ነበር። በአንዱ ሳይሞከር ከመጀመሪያው ሁለት የተሰጠኝ በሽታው ጠንቶብኝ ነው? ቤተሰቤ ደንግጧል።

ፋርማሲስቱ ከሐዋሳ

ጋሽ ጋሻው፣ አይደንግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ላይ መድኃኒት ለሚያስፈልጋቸው አዋቂዎች ሕክምናውን በሁለት መድኃኒት መጀመርን፣ ቢቻልም ሁለቱ በአንድ ክኒን እንዲሆኑ ይመክራል። አንዱን መድኃኒት እስከ ጣሪያው ከመግፋት ሁለቱን በመጠነኛ ልክ መስጠት ግፊትን ይበልጥ ያወርዳል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያንሳል። አንዲት ፍሬ ደግሞ ከሁለት ይልቅ አትረሳም።

ለእኛ አህጉር ደግሞ ክሪዮል የተባለ ጥናት አለ፤ በ2019 የታተመ። በስድስት የአፍሪካ አገሮች 728 ጥቁር ታካሚዎች ላይ ሦስት ዓይነት ጥምረቶች ተነጻጽረው፣ አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ከሌለበት ይልቅ ግፊትን አወረዱ። የእርስዎ ክኒን ውስጥ ምን ምን እንዳለ ከማሸጊያው ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ይያዙት። ማንኛውም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ፣ ጥርስዎን ሊነቀሉ እንኳ ሲሄዱ ያሳዩት።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ስሙ ሲምቫስታቲን ከሆነ አምሎዲፒን ካለበት ክኒን ጋር በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ለፕሮስቴት ወይም ለወሲብ ድክመት የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ግፊት ያወርዳሉና ሳያፍሩ ይንገሩ። ወንዶች ይህን ሲደብቁ ብዙ አይቻለሁ።

አባ ጥላሁን

ልጆቼ፣ እኔ የምለው ሌላ ነው። የግፊት ክኒን አንዴ ከጀመሩት ሱስ ሆኖ ይቀራል፤ እስከ መቃብር አይለቅም። እኔ ሽፈራው ቅጠል አፍልቼ እጠጣለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት በጠዋት እበላለሁ። ይኸው ደህና ነኝ።

ሲስተር ትዕግሥት (ባሕር ዳር)

አባቴ፣ ደህና መሆንዎ ደስ ይለኛል። ግን ተለክተው ነው ደህና የሆኑት ወይስ ስላልታመሙ? እባክዎ አንድ ቀን ይለኩ። ሱስ የሚባለው ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምድና ሲጠይቅ ነው፤ የግፊት ክኒን እንዲህ አያደርግም። ሲተዉት ግፊቱ የሚመለሰው ምክንያቱ ከሰውነት ስላልጠፋ ነው። ስትሮክ አግኝቷቸው በቃሬዛ ከመጡት ውስጥ «ተሽሎኝ ነበር፣ ተውኩት» ያሉኝ ጥቂቶች አይደሉም፤ ይህን ስጽፍ ፊታቸው ይመጣብኛል።

ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ እንደ ምግብ ችግር የለባቸውም። በብዛት ተፈልተው በየቀኑ ከክኒን ጋር ሲጠጡ ግን ግፊቱን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ፤ ለሐኪም ይነገር። ከምግብ በኩል ከሁሉ የሚረዳው ጨው መቀነስ ነው፤ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፣ ሽሮው፣ በርበሬውና ሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ።

ከድር (ጅዳ)

እኔ ደግሞ ሦስቱን በአንድ የያዘ ነው የምወስደው፦ አምሎዲፒን፣ ቫልሳርታን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ሥራዬ ግንባታ ላይ ነው፣ ውሎዬ ፀሐይ ላይ። በረመዳን በሱሑር ጊዜ እየወሰድኩ ቀን ላይ ዓይኔ ይጨልም ነበር። ሰው «ተወው» አለኝ፤ ሐኪሜ ግን ወደ ኢፍጣር አዛወረልኝና ተሻለኝ። ይህ ለሁሉም ይሠራል?

ፋርማሲስቱ ከሐዋሳ

ወንድሜ ከድር፣ ሐኪምህ ትክክል ሠርቷል። ሦስተኛው ሽንት የሚያበዛ ነው፤ በሱሑር ተወስዶ ውኃ በማይጠጣበት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋል ሰውነትን ያደርቃል። ብዙ ጊዜ ወደ ኢፍጣር ማዛወር ይረዳል፤ ነገር ግን ኩላሊቱ ወይም ልቡ የታመመ ሰው ከጾሙ ሳምንታት በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መጠኑም ሊቀየርለት ይችላል። በሙቀት ቦታ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ያዙ፦ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛችሁ ቀን፣ ምግብና ውኃ አልቆም ሲላችሁ፣ ሽንት የሚያበዛውንና እንደ ቫልሳርታን ያለውን ለጊዜው ማቆም ያስፈልግ እንደሆነ በዚያው ቀን ለሐኪም ደውሉ። ደርቆ ባለ ሰውነት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትን በአጭር ጊዜ ይጎዳሉ።

ሪህ ያለበት ሰውም ይጠንቀቅ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ይጨምራል፤ የእግር አውራ ጣት በሌሊት ቀልቶ ካቃጠለ ለሐኪም ይነገር።

የጾሙን ጥያቄ ለሰናይትም እግረ መንገዴን ልመልስ። አምሎዲፒን/ቫልሳርታን ከምግብ ጋር ወይም ያለ ምግብ ይወሰዳል፤ ሆድ አይጎዳም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወይም ማታ መውሰድ ይቻላል። በብሪታንያ ከ21,000 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2022 የታተመ ታይም የተባለ ጥናት ጠዋትና ማታ መውሰድ በልብ ድካምና በስትሮክ ላይ ልዩነት እንደማያመጣ አሳይቷል። ዋናው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። አንድ ቀን ቢረሳ በዚያው ቀን ሲታወስ ይወሰዳል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ይዘለላል እንጂ በማግሥቱ ሁለት አይዋጥም።

ሄለን 31

ይቅርታ፣ ርእሱ የእናት ነው፤ ግን ልጠይቅ። ሎሳርታንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በአንድ ክኒን እወስዳለሁ። ባለቤቴና እኔ ልጅ ለመውለድ አስበናል። ከተፀነሰ በኋላ ነው ለሐኪም የምነግረው?

ሲስተር ትዕግሥት (ባሕር ዳር)

ሄለንዬ፣ ከመፀነስሽ በፊት! ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ እነዚህ ሁሉ በእርግዝና የተከለከሉ ናቸው። የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የሽርት ውኃውን ያሳንሳሉ፣ ፅንሱን እስከ መግደል ይደርሳሉ፤ በተለይ ከሦስተኛው ወር በኋላ። አሁን ሄደሽ እንዲቀየርልሽ ጠይቂ። ሜቲልዶፓ፣ ላቤታሎል፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ኒፊዲፒን በእርግዝና የሚሰጡ ናቸው። ራስሽ ግን አታቁሚው፤ ያልተያዘ ግፊትም ለፅንስ አደጋ ነው። እስኪቀየርልሽ ድረስ የወሊድ መከላከያ ተጠቀሚ። የወር አበባሽ ቢቀር ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂጂ።

ዮናስ (ፍራንክፈርት)

ከውጭ መድኃኒት በሰው ለምትልኩ አንድ ነገር ልበል። ያው መድኃኒት በየአገሩ በተለያየ የንግድ ስም ይሸጣል። ኖርቫስክ የሚለው አምሎዲፒን ነው፤ ዲዮቫን ቫልሳርታን ነው፤ ኤክስፎርጅ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው። ቤት ያለ ሰው ሦስቱን ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች አድርጎ ቢውጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ በላዩ ላይ በአማርኛ «ይህ ከጤና ጣቢያ የሚሰጥሽን ይተካል» ወይም «ከእሱ ጋር አንድ ነው፣ አብረሽ አትውሰጂ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእነሱ ጠዋት 8 የሚለው በእኛ 2 ሰዓት ነው።

ከሶዲየም ነጻ የሚባለውን ጨው ደግሞ ለግፊት ይጠቅማል ብላችሁ አትላኩ። አብዛኛው በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበት ነው፤ እንደ ቫልሳርታን ካለው መድኃኒት ጋር ፖታሲየምን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርሰው ይችላል።

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያው ቀን ሄዱ። ሐኪሟ ፌስታሉን አይቶ አምሎዲፒን 10ን፣ ኢናላፕሪሉንና ዳይክሎፌናኩን አስቆማት። አዲሱንም ለሁለት ቀን አቋርጣ ግፊቷ ሲመለስ እሱን ብቻ ማታ ማታ እንድትወስድ ነገራት፤ በወረቀትም ጻፈላት። ማዞሩ ቆሟል። ዛሬ ቁጭ ብላ 128/76፣ ቆማ 122/74። የደም ምርመራው ላይ ክሪያቲኒኗ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ፖታሲየሟ 5.6 ነው፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ዮናስ ያለውን ካነበብኩ በኋላ ወንድሜን ጠየቅሁት፤ አክስቴ የላከችው እንዲህ ያለ ጨው ጓዳ ውስጥ አለ።

ፋርማሲስቱ ከሐዋሳ

ጨውየው ከጓዳ ይውጣ፤ ለሐኪሟም ይነገረው። የተለመደው የፖታሲየም መጠን ከ3.5 እስከ 5.0 ገደማ ነው፤ 5.6 ከፍ ያለ ነው፣ ግን ምክንያቶቹ ተለይተዋል። እስከ ድጋሚ ምርመራው ድረስ ሙዝና የቲማቲም ድልህ አይብዛ። የጡንቻ መዛል ወይም ልብ ወጣ ገባ ሲል ከተሰማቸው ሳምንቱን አይጠብቁ። ቀጣዩ ውጤት ሲመጣ ሁለቱንም ቁጥር ላኪልን፤ ክሪያቲኒኑ ካልወረደ የቫልሳርታኑ መጠን እንደገና መታየት ሊኖርበት ይችላል።